ወገቤን ልታሽ ወይስ ሐኪም ጋ ልሂድ? የማሳጅ ቴራፒስት ላይሰንስስ በምን ይታወቃል?

ባለ ታክሲው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

58 ዓመቴ ነው። ከደለስ ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ከጀመርኩ 14 ዓመት አለፈኝ። በቀን 10 ሰዓት፣ አንዳንዴም 12 ሰዓት መሪ ላይ እውላለሁ። ወገቤ ከያዘኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ አቅቶኛል። ባለቤቴ ናት አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ የምታጠልቅልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ወዳጄ "ቤት ድረስ መጥቶ የሚያሽ ሰው አለ። እጁ መድኃኒት ነው። 60 ዶላር ብቻ ነው" አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ "ላይሰንስ የሌለው ሰው ወገብህን አይነካም" ብላ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ። እኔ መሀል ቀረሁ።

እነዚህ ማሳጅ ቴራፒስት የሚባሉት ምን ያህል ተምረው ነው? ላይሰንሳቸውን እኔ ራሴ አይቼ ማረጋገጥ እችላለሁ? ወገብስ ያድናሉ ወይስ ሥራቸው ሰው ማዝናናት ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሰብለ ኤልኤምቲ (ፎልስ ቸርች)፣ ሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ዘጠኝ ዓመት በማሳጅ ሙያ ሠርቻለሁ። ስሜ ላይ ያለው ኤልኤምቲ ላይሰንስ ያለው ማሳጅ ቴራፒስት ማለት ነው። የማውቀውን ልንገርዎት።

ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማሳጅ ቴራፒስት ነኝ ማለት አይቻልም። ፈቃዱን ለማግኘት ቢያንስ 500 ሰዓት ትምህርት ያስፈልጋል። ከዚያ ኤምብሌክስ የሚባል ፈተና አለ። 100 ጥያቄ በ110 ደቂቃ፣ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የጣት አሻራ ሰጥተን የወንጀል ሪከርዳችን ይታያል። በየሁለት ዓመቱ ፈቃዱ ሲታደስ ደግሞ የ24 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መውሰድ አለብን። የሚቆጣጠረን የነርሶች ቦርድ ነው። ይህን ስነግረው የማይገርመው ሰው የለም።

ማየት ደግሞ ቀላል ነው። የቨርጂኒያ የጤና ሙያዎች መምሪያ ድረ ገጽ ላይ ይግቡ። ፈቃድ መፈለጊያ የሚል አለ። የሰውየውን ሙሉ ስም ይጻፉ። ፈቃዱ የሚሠራ ይሁን የተቃጠለ፣ ቅጣት ይኑርበት አይኑርበት ያሳይዎታል። አይከፈልበትም። ስሙን ሲጠይቁት የሚሸሽ ሰው ከሆነ መልሱን እዚያው አገኙ ማለት ነው። የሁለት ቀን ኮርስ ወስዶ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሰርተፊኬት ፈቃድ አይደለም። እሱን ያስተውሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርዎት። ብዙ ሰው ትምህርት ቤት የገባነው እጃችንን ለማሠልጠን ይመስለዋል። እጅማ ትምህርት ቤት ሳይገባም ይሠለጥናል። እኔን እስከ ዛሬ በየቀኑ የሚጠቅመኝ መቼ እንደማይታሽ የተማርኩት ነው።

ባለፈው ጥር አንዲት ሴት መጣች። ለገና አዲስ አበባ ሄዳ መመለሷ ነበር። "አውሮፕላን ላይ ተጣጥፌ ቆይቼ ባቴን ይዞኛል። ጠንከር አድርገሽ ታሺኛለሽ" አለችኝ። አልጋው ላይ ሳትወጣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ እንድትሰበስብ ጠየቅኳት። የግራ ባቷ ከቀኙ ይወፍራል። የካልሲዋ ላስቲክ ግራ እግሯ ላይ ጥልቅ መስመር ሠርቷል። ቀኙ ላይ ግን ምልክቱ አይታይም። በእጄ ጀርባ ነካ አደረግሁት። ይሞቃል።

"ዛሬ አልነካሽም። አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ሂጂ" አልኳት። ተቆጣች። ቀጠሮ ይዛ፣ ከሥራ አስፈቅዳ መምጣቷን ነገረችኝ። ለባሏ ደወልኩና መጥቶ ወሰዳት። ማታ ከሆስፒታል ደወለች። ባቷ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር። ያን እግር ጠንከር አድርጌ ባሸው ኖሮ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችል ነበር። እንዲያ ያለው ነገር ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቤትዎ የሚመጣውን ሰው አንድ ነገር ይጠይቁት። "የማታሸው ሰው ምን ዓይነት ነው?" ይበሉት። "ሁሉንም አሻለሁ" ካለዎት በሩን ያሳዩት።

የወጌሻዋ ልጅ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ማክሰኞ ጠዋት

እህት ሰብለ፣ የጻፍሽው ጥሩ ነው። ግን ያልተዋጠልኝ ነገር አለ።

አያቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ የታወቀች ወጌሻ ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ደጃችን በሰው ይሞላ ነበር። ወለምታ፣ ውልቃት፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ያለበት ሁሉ ይመጣል። ቅቤውን እሳት ዳር ታሞቃለች። ወዲያው አትነካም። መጀመሪያ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። ሰውየው ወሬ ይዞት ሳለ በድንገት ቀጭ ታደርገዋለች። አንዴ ይጮኻል፣ ከዚያ ያልበዋል፣ ከዚያ ይስቃል። እኔንም በ12 ዓመቴ ቁርጭምጭሚቴን መልሳልኛለች። በሳምንቱ ኳስ ተጫወትኩ።

500 ሰዓት አልተማረችም። ፈተና አልተፈተነችም። ከእናቷ ነው የወረሰችው። ወረቀት የሌለው እጅ ሁሉ አደገኛ ነው ሲባል አያቴ የተሰደበች ይመስለኛል።

ፊዚዮ ከጎንደር (ላውረል፣ ሜሪላንድ)፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ወንድሜ፣ አያትህን ማንም አልሰደበም። እኔ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒ ተምሬ አገር ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ወረቀቴ ገና እየተመረመረ ስለሆነ መጋዘን ነው የምሠራው። ጎበዝ ወጌሻ አይቻለሁ። የወለቀ ትከሻን እንደ እነሱ በፍጥነት የሚመልስ ሐኪም ሁሉም ቦታ አይገኝም። አገሬው ወደ እነሱ የሚሄደው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ቅርብ ናቸው፣ ያውቃቸዋል፣ ርካሽም ናቸው።

ግን የማልረሳው አንድ ልጅ አለ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው አሠሩት። ልጁ "ፍቱልኝ" እያለ አራት ቀን አለቀሰ። "ሲጠብቅ ነው የሚገጥመው" እየተባለ ቆየ። ሆስፒታል ሲደርስ ጣቶቹ ጠቁረው ነበር። ደም መሄጃ አጥቶ ሥጋው ሞቷል። ከክርኑ በታች ተቆረጠ። እኔ ጋ የመጣው በቀረው ክንድ ደብተሩን እንዴት ደግፎ እንደሚይዝ ለመማር ነው።

ይህ አንድ ልጅ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈውበታል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ሌላው ነገር ነው። አገር ቤት ወጌሾችን ሰብስበው የአንድ ቀን ኮርስ ሰጧቸው። ከኮርሱ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር በደንብ እንደቀነሰ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ አንብቤያለሁ። አስበው፣ አንድ ቀን ነው! በአንድ ቀን አዲስ የእጅ ሙያ አይሰጥም። እጁማ ቀድሞም ነበራቸው። ኮርሱ የጨመረላቸው መቼ ማላላት፣ መቼ መተው፣ መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባቸው ነው።

ጋሼ ባለ ታክሲው፣ አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ማንም ሳይነካዎት ሦስት ጥያቄ ይመልሱልኝ። ሕመሙ ወደ እግርዎ ይወርዳል? እግርዎ ላይ የሚደነዝዝ ወይም አቅም ያጣ ቦታ አለ? ሽንትዎን መቆጣጠር፣ ወይም መቀመጫዎ አካባቢ ሲነኩት መሰማት ላይ ችግር አለ? የመጨረሻው "አዎ" ከሆነ ይህን ማንበብ ትተው 911 ይደውሉ።

የወጌሻዋ ልጅ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፣ ማክሰኞ ማታ

ስለ ልጁ ያነበብኩት ከልቤ አልወጣም።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያቴም የምትመልሳቸው ነበሩ። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ሲመጣ ቅቤውን ወደ ጎን ትገፋና "ይሄ የኔ አይደለም፣ ሆስፒታል አድርሱት" ትል ነበር። ሰዎቹ ይለምኗታል። እሷ ግን ሰው አትሰማም። እንዲያውም በቅሎ ተፈልጎ እንዲጫን የምታደርገው እሷ ነበረች። ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ፈርታ ይመስለኝ ነበር።

ቤቲ ዳላስ፣ ማክሰኞ ማታ

ጋሼ ይቅርታ፣ በርስዎ ጥያቄ ላይ የራሴን ልደርብ። እኔ አዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ማንሳት ጀርባዬን ገደለው። ማሳጅ ልማር እያሰብኩ ነው። ቴክሳስም 500 ሰዓት ነው አሉኝ። እውነት ነው? ፈተናው በአማርኛ አለ? ቨርጂኒያ ብዛወርስ ይሠራልኛል? ሰብለዬ፣ ሥራው ራሱ ሰውነት አይጨርስም ወይ?

ሰብለ ኤልኤምቲ (ፎልስ ቸርች)፣ ማክሰኞ ሌሊት

ቤቲዬ፣ አዎ፣ ቴክሳስ 500 ሰዓት ነው። ግን አሜሪካ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ኒውዮርክ 1000 ሰዓት ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ የክፍለ ግዛቱ ሰርተፊኬት በፈቃደኝነት የሚወሰድ ነው፣ ከተሞቹ ግን የየራሳቸውን ይጠይቃሉ። ሜሪላንድ ደግሞ ሁለት ዓይነት አላት። አንዱ ላይሰንስ ያለው ማሳጅ ቴራፒስት ነው። ሌላው የተመዘገበ ባለሙያ ይባላል፣ ክሊኒክና ሆስፒታል ውስጥ መሥራት አይፈቀድለትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ሕመም ይዛችሁ ስትሄዱ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ብትዛወሪ አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና ማመልከት አለብሽ። ኤምብሌክስን ካለፍሽ ግን ብዙ ቦታ ይቀበሉታል።

ፈተናው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። አልዋሽሽም፣ እኔ መጀመሪያ ወድቄያለሁ። የገደለኝ እንግሊዝኛው ሳይሆን የላቲን ስሞቹ ናቸው። የጡንቻው ስም፣ ከየትኛው አጥንት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ምን እንደሚያንቀሳቅስ ሁሉ በቃል ይያዛል። እኔ የጡንቻዎቹን ስም በግዕዝ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፌ ማድ ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ። ሽንኩርት ስከትፍ "ስተርኖክላይዶማስቶይድ" እያልኩ ነው። ከወደቅሽ 30 ቀን ጠብቀሽ እንደገና መፈተን ትችያለሽ። በሁለተኛው አለፍኩ።

ስዊዲሽ ማሳጅ ሲባል ሰምተሻል። ቃላቱ ግን ፈረንሳይኛ ናቸው። ኤፍለራዥ ረጅም መዳበስ ነው። ፔትሪሳዥ እንደ ሊጥ ማቡካት ነው። ታፖትማን በእጅ ጠርዝ መደብደብ ነው። እነዚህን ስሞች በማስፋፋት የሚነሣው ደግሞ ዮሐን ሜዝገር የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። ፈተናው ላይ ይመጣሉ፣ ያዢያቸው።

ሰውነት ይጨርሳል ወይ ላልሽው፣ ባላወቀበት ሰው ይጨርሳል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በአውራ ጣቴ ብቻ ስሠራ ውዬ ማታ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አቃተኝ። አሁን በክርኔና በክንዴ ነው የምሠራው። ጉልበቱ የሚመጣው ከእግሬ ነው። በቀን ከአምስት ሰው በላይ አልቀበልም። ጀርባሽ አሁን ከታመመ ግን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እሱን ታከሚ። የአልጋውን ቁመት ለራስሽ ልክ ማድረግን ከመጀመሪያው ቀን ልመጂ።

ዳኒ ቶሮንቶ፣ ረቡዕ ጠዋት

ከካናዳ ለምታነቡ፦ ማሳጅ ቴራፒስቶች ኦንታሪዮ ውስጥ አርኤምቲ (የተመዘገበ ማሳጅ ቴራፒስት) ይባላሉ። ትምህርታቸው ሁለት ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ነው። "ኮሌጅ" የሚባል የራሳቸው ተቆጣጣሪ አካል አላቸው፣ ስማቸው እዚያ ይገኛል። የሥራ ኢንሹራንስ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተወሰነውን ይመልሳል፣ ግን ደረሰኙ ላይ የምዝገባ ቁጥራቸው መኖር አለበት። እኔ አንድ ጊዜ ቁጥር ከሌለው ሰው ታሽቼ ገንዘቤን ሳላገኝ ቀርቻለሁ።

እመ ሚካኤል (አትላንታ)፣ ረቡዕ ጠዋት

ልጆቼ፣ እኔ የምጠይቀው ያሳፍራል ግን ልጠይቅ። አንገቴና ትከሻዬ ደርቆ ሐኪሜ "ማሳጅ ሂጂ" አለችኝ። 66 ዓመቴ ነው። ልብስ ማውለቅ አለ ሲሉኝ ተውኩት። ደግሞ ማሳጅ ቤት ሲባል አገራችን ላይ የሚወራውን ታውቁታላችሁ። ልጄም "እማዬ እዚያ አትሄጂም" አለኝ።

ሰብለ ኤልኤምቲ (ፎልስ ቸርች)፣ ረቡዕ ከሰዓት

እማማ፣ ስለጠየቁ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ይህ ሙያዬን የሚያሳምመው ቁስል ነው። በዚህ ስም ሌላ ሥራ የሚሠሩ ቤቶች ስላሉ እኛ ስማችን ይጠፋል። የታመመ ሰው ደግሞ ሳይታከም ይቀራል። እናቴ እንኳን ለሁለት ዓመት "ልጄ ክሊኒክ ነው የምትሠራው" ብላ ነበር የምትናገረው። ማሳጅ የሚለውን ቃል አታነሣም። አንድ ቀን መጥታ ስሠራ ካየች በኋላ ነው ራሷ ሰው የምትልክልኝ።

እንዴት እንደሚሆን ልንገርዎት። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ቁጭ ብለን እናወራለን። ስለ መድኃኒትዎ፣ ስለ ቀዶ ጥገና፣ ስለ ደም ግፊትና ስኳር እጠይቃለሁ። ከዚያ እወጣለሁ። እርስዎ ብቻዎን የሚመችዎትን ያህል ብቻ ያወልቃሉ። አንሶላ ውስጥ ይገባሉ። አንኳኩቼ ነው የምመለሰው። ትከሻ ስሠራ ትከሻ ብቻ ይገለጣል፣ ሌላው ተሸፍኖ ይቆያል። ለአንገትና ለትከሻማ ልብስዎን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠውም ይሠራል። ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ ማለት መብትዎ ነው። ልጅዎ ወይም ጓደኛዎ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡልኝ ማለትም ይችላሉ። "ይብቃኝ" ባሉበት ደቂቃ ይቆማል። አንሶላው ከቦታው ሲነሣ ወይም እጁ የማይገባበት ሲሄድ ካዩ ተነሥተው ይውጡ፣ ለቦርዱም ያመልክቱ።

እመ ሚካኤል (አትላንታ)፣ ረቡዕ ማታ

ተባረኪ ልጄ። ወንበር ላይ ያልሽው ይሻለኛል። ሌላ አንድ ልጨምር። ታላቅ እህቴ ወላይታ ሶዶ ናት። ሁለቱም እግሮቿ ካበጡ ዓመታት ሆነ። ዝሆኔ ነው ይሏታል። እዚያ አንድ ሰው እያሸ አወርደዋለሁ ብሎ በየሳምንቱ ገንዘብ ይወስድባታል።

ፊዚዮ ከጎንደር (ላውረል፣ ሜሪላንድ)፣ ረቡዕ ማታ

እማማ፣ ያ ሰውዬ ይቁም። በዚያ አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ነው። ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማና ካልሲ ማድረግ፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በባለሙያ በፋሻ መጠቅለል ነው የሚረዳው። ግን ሁለት እግር በልብም በኩላሊትም ያብጣል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይ። እዚያው ወላይታ ይህን በሽታ የሚያክሙ አሉ፣ ጤና ጣቢያው ይመራታል።

ላበጠ አካል የሚሆን ማሳጅ የለም ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ጡቷ በካንሰር ምክንያት ታክሞ ክንዷ ያበጠ ሴት የሊምፍ ማሳጅ ይረዳታል። ግን እሱ በጣም ለስላሳ ነው፣ ቆዳን ሳብ አድርጎ እንደመልቀቅ ነው። ራሱን የቻለ የ135 ሰዓት ሥልጠና አለው። ጉልበት አይፈልግም። ጠንከር ብሎ ያሸ ሰው ይጎዳታል።

ባለ ታክሲው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ረቡዕ ሌሊት

ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ። ሁሉንም አነበብኩ።

ጎንደሬው ልጄ፣ ለጥያቄህ መልሴ ይኸው። ሽንት ደህና ነኝ። መቀመጫዬም ይሰማኛል። ሕመሙ ግን ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ ታፋዬ በጎን በኩል ይወርዳል። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከደነዘዘ አሥር ቀን ሆኖታል። ጫማ ጠቦኝ ነው ብዬ ነበር። ትናንት ደግሞ የቤታችንን ደረጃ ስወጣ የጫማዬ ጫፍ ሁለት ጊዜ ያዘኝ። ባለቤቴ "እግርህን እየጎተትክ ነው" አለችኝ።

ፊዚዮ ከጎንደር (ላውረል፣ ሜሪላንድ)፣ ረቡዕ ሌሊት

ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ጋ ይሂዱ። ቀጠሮ የለም ካሉዎት "እግሬን እየጎተትኩ ነው" የሚለውን ቃል ይንገሯቸው። ከወገብ የሚወጣ ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ጣት መደንዘዙ ሳይሆን አቅም ማጣቱ ነው የሚያስቸኩለው። ተረከዝዎ ላይ ቆመው ለመሄድ ይሞክሩ። ቀኝ እግርዎ ከፊት ካልተነሣልዎት እሱንም ይንገሯቸው። እስከዚያ ማንም አይሽዎት፣ ማንም ቀጭ አያድርግዎት። ሽንት እንቢ ካለዎት ወይም ካመለጠዎት ግን ነገን አይጠብቁ።

ሰብለ ኤልኤምቲ (ፎልስ ቸርች)፣ ሐሙስ ጠዋት

ጋሼ፣ እኔ ጋ እንደዚህ ሆነው ቢመጡም አልነካዎትም ነበር። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ) ተንሸራትቷል ብሎ መናገርም የኔ ሥራ አይደለም። እኛ በሽታ ምን እንደሆነ አንወስንም፣ አከርካሪም ቀጭ አናደርግም። ሲመቸዎት ይጻፉልን።

ቤቲ ዳላስ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ጋሼ በጸሎት አስቤዎታለሁ። እስኪ እኔ ግራ የገባኝን ልጠይቅ። ታዲያ ማሳጅ ለወገብ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?

ፊዚዮ ከጎንደር (ላውረል፣ ሜሪላንድ)፣ ሐሙስ ማታ

እንደ ወገቡ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አለ። አዲስ ለጀመረ ተራ የወገብ ሕመም ወደ ክኒን ከመሄድ በፊት ሙቀት፣ ማሳጅ፣ አኩፓንክቸር ይሞከር ይላል። ግን የማሳጁ ማስረጃ ደካማ መሆኑን አብሮ ጽፏል። ከሦስት ወር በላይ ለቆየ ሕመም ደግሞ ቀድመው የሚነሡት የአካል እንቅስቃሴና የመሳሰሉት ናቸው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ማሳጅ አልገባም። ስለዚህ ጠምዝዞ ለያዘ ጡንቻ፣ በውጥረት ለሚመጣ ራስ ምታት፣ ለደረቀ አንገት፣ እንቅልፍ ለነሣው ሰው ማሳጅ ጥሩ እፎይታ ነው። ሰውነት ሲላላ እንቅስቃሴው ይቀላል። እንቅስቃሴውን ግን ራስሽ መሥራት አለብሽ።

ሰብለ ኤልኤምቲ (ፎልስ ቸርች)፣ ሐሙስ ማታ

እስማማለሁ። እኔም ለደንበኞቼ የማልዋሽበት ነገር ነው። "መርዝ ከሰውነት ያወጣል፣ ውኃ ጠጥታችሁ አጥቡት" የሚባለው ልክ አይደለም። ውኃ ቢጠማችሁ ጠጡ። ካንሰር አድናለሁ፣ ስኳር አወርዳለሁ የሚል ማሳጅ ቴራፒስት ካያችሁም ሽሹ። የካንሰር ሕመምተኛ ሐኪሙ ከፈቀደ ይታሻል፣ ግን ጭንቀቱ ቀለል እንዲልለትና እንቅልፍ እንዲወስደው ነው። ትኩሳት ያለበት፣ ቆዳው ያመረቀዘ፣ አዲስ ስብራት ያለበት ሰው አይታሽም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ ጠንካራ እጅ አይገባም፣ ይበልዛል። ስኳር እግሩን ያደነዘዘበት ሰው "አይሰማኝም፣ ጨምሪ" ይላል። እሱን አምነሽ ከጨመርሽ ታቆስይዋለሽ። እርጉዝ ደግሞ በጎኗ ተኝታ፣ ትራስ ተደርጎላት ነው።

ባለ ታክሲው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሰላም ልጆቼ። ጻፉልን እንዳላችሁኝ ተመልሻለሁ።

በነጋታው ሄድኩ። "እግሬን እየጎተትኩ ነው" ስላት የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ወዲያው አስገባችኝ። ሐኪሙ አውራ ጣቴን በጣቱ እየገፋ "ወደ ላይ አንሣ" አለኝ። የግራውን አነሣሁ። የቀኙ እንቢ አለ። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ኤምአርአይ ተነሣሁ። ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል። ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልግም ተብሎ ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ቀዶ ሐኪሙም በየጊዜው ያየኛል። ጣቴ ከትናንት ወዲያ ትንሽ ተነሣ። ባለቤቴ እልል አለች።

ያ ቤት የሚመጣውን ሰውዬም ደወልኩለት። "የማታሸው ሰው አለ ወይ?" አልኩት። "እኔ እጄን አምናለሁ፣ ሁሉንም ነው" አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁ። ወዳጄንም ይህን ውይይት አስነበብኩት።

ሰብለ ልጄ፣ ፊዚዮዋ ወገቤን ሳይነኩ ትከሻዬንና ጀርባዬን ላይኛውን መታሸት እንደምችል በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። ለሚቀጥለው ሐሙስ አንቺ ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ስምሽንም አስቀድሜ ፈልጌ አግኝቻለሁ፣ አትቀየሚኝ። የላክሽልኝን ቅጽ እየሞላሁ ነው። የደም ግፊት ክኒኔን ጽፌያለሁ። ደም ማቅጠኛ የሚለው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ጠዋት ጠዋት ትንሿን አስፕሪን እወስዳለሁ። እሷም ትጻፋለች?

ሰብለ ኤልኤምቲ (ፎልስ ቸርች)፣ ያው ማታ

እልል ነው ጋሼ! ስሜን መፈለግዎ ደስ ነው ያለኝ፣ ምን ያስቀይመኛል። አስፕሪኗንም ይጻፏት። ስንት ሚሊግራም ናት?

ባለ ታክሲው (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ያው ማታ

81 ይላል ጠርሙሱ። ጻፍኩት።